የጎማው ዋስ

በእኛ ጊዜ መተማ ላይ መኪና ያለው ሰው በጣት ይቆጠር ነበር። ከእነዚያ አንዱ ባለቤቴ ነው ስል ሀብታሞች ነበርን ማለቴ እንዳይመስላችሁ። መኪናችን ጣሊያን ነድቶ ነድቶ የጣላት፣ በሯ በሽቦ የሚታሰር፣ ጠዋት ስትነሳ እየሳለች ሰፈሩን ሁሉ የምትቀሰቅስ አሮጌ የጭነት መኪና ነበረች። ሰው «አሮጊቷ» ይላታል። እኔ ግን «ጣውንቴ» እላት ነበር፤ ባሌ ሲነቃ እኔን እንዴት አደርሽ ከማለቱ በፊት ወጥቶ እሷን ዞሮ ያያታላ! ጎማዋን በእጁ ይደባብሳል፣ ከሥሯ ዘይት ነጥቦ እንደሆነ ጎንበስ ለማለት ይሞክራል፣ ጉልበቱ እምቢ ሲለው በዱላው ተደግፎ አንገቱን ብቻ ያዘነብላል። ከዚያ በኋላ ነው እኔ የምታወሰው።

ባለቤቴ የወሎ ሰው ነው። በልጅነቱ ለቀን ሥራ ገዳሪፍ ወርዶ፣ እዚያ ከአንድ ነጋዴ ዘንድ መኪና መንዳት ለመደ። ጣሊያን ገብቶ ከጎንደር ወደ መተማ የሚወርደውን መንገድ ሲጀምር ሹፌር ቢፈልግ፣ እርሱ ተቀጠረ። ሰው ባንዳ አለው። እኔም የገዛ ወንድሜ አርማጭሆ ጫካ ከአርበኞች ጋር ስለ ነበር፣ ስድቡ ከሁለት በኩል ነበር የሚደርሰኝ። የጣሊያንን ግፍ ለመናገር እኔ አላንስም፤ ያቃጠሉትን ቤት፣ የሰቀሉትን ሰው አይቻለሁ። የማወጋችሁ ግን ስለ አንድ ጎማ ነው፤ ሌላውን ሆድ ይፍጀው።

በመንገዱ ሥራ ላይ የሠራተኞቹ አለቃ አንድ አጭር፣ አንገቱ ከፀሐይ የተነሳ እንደ በርበሬ የቀላ ጣሊያን ነበር። ሁሉም «ካቦው» ይለዋል። አንድ ቀን አዲስ በተደለደለ አፈር ላይ ባሌን በመኪና እለፍ አለው። ባሌ አፈሩ ገና አልተረገጠም፣ ይናዳል አለው። ካቦው ቸኩሎ ነበርና እለፍ አልሁ አለ። አፈሩ ተናደ። መኪናዋ ተገለበጠች፣ የባሌ ግራ ጉልበት ከሥሯ ቀረ። ነፍሱን እግዜር አተረፈለት እንጂ ጉልበቱስ ከዚያ ወዲያ አልታጠፍ አለ፤ እግሩ እንደ ሙቀጫ ዘነዘና ቀጥ ብሎ ቀረ።

እንግዲህ ቆላ ውስጥ ጎንበስ ማለት የማይችል ወንድ ምን ይሆናል? ሰሊጥ የሚታረመው ጎንበስ ተብሎ ነው፤ የሚታጨደው ጎንበስ ተብሎ ነው፤ ማሽላውም ቢሆን ለቆመ ሰው አይገዛም። ያን ክረምት በሙሉ ባሌ አልጋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ምግብ ሳቀርብ «ብዪው አንቺ» ይለኛል። ሰው ሊጠይቀው ሲመጣ የተኛ ይመስላል። እኔ ጠበኛ ሴት ነኝ፣ ከገበያ ሰው ሁሉ ጋር የተጣላሁ፤ እርሱን ግን ያን ጊዜ መጣላት እንኳ ፈራሁ። የሚሞትብኝ ይመስለኝ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ካቦው መጣ። ያችኑ የተገለበጠች መኪና አቃንተው፣ አሮጌ ናት ብለው ሊጥሏት ሲሉ ከአለቆቹ ጋር ተጨቃጭቆ ለባሌ ካሣ አስደርጓት ኖሯል። ራሱ እየነዳ ግቢያችን አስገባት። ወርዶ ቆመና ላቡን እየጠረገ፣ «እግር ወሰድሁ፤ እግር አመጣሁ» አለ። አማርኛው ይኸው ነበር፤ አጭር አጭር። ባሌ ፊቱን ከግድግዳው ሲመልስ ያየሁት ያን ቀን ነው። በግራ እግር የሚረገጠውን ፍሪሲዮን በዱላ እየገፋ መንዳት ተለማመደ። በዱላ የሚነዳ ሹፌር ከመተማ እስከ ሽንፋ፣ ከሽንፋ እስከ ገለጉ ድረስ እርሱ ብቻ ነበር። በበጋ ሰሊጥና ሙጫ ይጭናል፤ በመንገድ የደከመ ካገኘ፣ ንዳድ የያዘውም ከሆነ፣ ጭነቱ ላይ ያወጣዋል። ሰው ይመርቀዋል፤ ባንዳ የሚለውም ቀነሰ። ያች መኪና ብትቆም ባሌ እንደገና ፊቱን ወደ ግድግዳ እንደሚያዞር አውቅ ስለ ነበር፣ ጣውንቴ እያልሁ ብሰድባትም በልቤ እጸልይላት ነበር።

የእንግሊዝና የጣሊያን ጦርነት ከመምጣቱ አንድ ዓመት በፊት በነበረው በጋ፣ በገበያ ቀን፣ የመተማው ጣሊያን ሹም ከዋርካው ሥር ወንበር አስወጥቶ ተቀመጠ። አስተርጓሚው ቆሞ አዋጅ ተናገረ።

«የመንግሥት ካዝና ጎድሏል! መንገድ ብዙ ገንዘብ በልቷል! ስለዚህ ካዝናው እስኪጠገን ድረስ፣ ለጊዜው ብቻ፣ ባለመኪና የሆነ ሁሉ በየጎማው ቀረጥ ይክፈል! ገንዘብ ያጣ በዕቃ ይክፈል!»

አንድ ባለግመል ከኋላ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ግመልስ ጌታው?» አለ።

«ግመል ጎማ አለው ወይ?» አለ አስተርጓሚው።

«የለውም፣ አልሐምዱሊላህ!»

ተሳቀ። ትልልቆቹ ነጋዴዎች ግን አልሳቁም። በማግስቱ ሲነጋ ሎሪዎቻቸው ሁሉ ደረቁን ወንዝ ተሻግረው ገላባት፣ ሱዳን ገብተዋል። እዚህ ሆነን የምናያቸው መኪኖቻቸው እዚያ ማዶ ጥላ ሥር ቆመው ያንጸባርቃሉ። የእኛ አሮጊት ወረቀት የላት፣ ወዴት ትሂድ? ለነሱ የታወጀው ቀረጥ እኛ ላይ ወደቀ። የአንድ ዝሆን ሸክም ለአንድ አህያ ማለት ነው።

ሹሙ ሊሰበስብ ሲወጣ ግቢያችን ከገበያው ዳር ስለ ነበር፣ ግማሹ ገበያ ተከትሎት መጣ። ባሌ ከመኪናዋ መረገጫ ላይ ተቀምጦ ጠበቀው። ሊሬ በእጃችን አልነበረም፤ የጫነበትን የሚከፍሉት ነጋዴዎች ማዶ ተሻግረዋል። ሹሙ መኪናዋን ዞረ፤ ሌላ የሚረባ ነገር አላየባትምና ጎማዎቿን በጫማው መታ መታ አደረገ። ጎማ በዚያ ጊዜ ውድ ነበር። ፊት ለፊት በቀኝ ያለው ከሁሉ አዲሱ ነበርና በጣቱ አመለከተው።

«ይኸ ጎማ ስለ ቀረጡ ይፈታ ብሏል» አለ አስተርጓሚው።

ባሌ አልተነሳም። ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ለጊዜው ብላችኋል አይደል?» አለ።

«አዎ፣ ለጊዜው ነው።»

«እንግዲያው ሊመለስ ነው።»

አስተርጓሚው ሹሙን በዓይኑ ሰርቆ አየ። ጥሩ ልጅ ነበር፤ የጎንደር ከተማ ልጅ፤ ሁለቱንም ወገን የሚያውቅ ሰው እንደሚጨነቅ ይጨነቅ ነበር። «ምነዋ ጋሼ፣ ይኸንን ልንገረው?» አለ።

«ንገረው እንጂ። በአገራችን ለጊዜው የሚወስድ ሰው ዋስ ይጠራል። እኔ ከጎረቤቴ አንድ ቁና ማሽላ ለጊዜው ብወስድ ዋስ እጠራለሁ። ጎማውን ይውሰድ፤ አልከለከልሁም። ዋስ ግን ይጥራ።»

ዛሬ የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቅ ይሆናል። ግብር የወሰደ መንግሥት መልሶ ያውቃል ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኛ ግን ግብርን በግብርነቱ፣ አስራትን በአስራትነቱ እናውቃለን፤ የማይመለስ ነው፣ ስሙም ለጊዜው አይባልም። ተቸግሬያለሁ፣ ለጊዜው ስጡኝ ያለ ግን ንጉሥም ቢሆን የተበደረ ነው። ባሌ ብቻ አይደለም እንዲህ ያሰበው፤ ግቢያችንን የሞላው ሰው ሁሉ እንዲሁ ነበር ያሰበው። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነቱን ነው፣ ዋስ ይጥራ እንጂ» አሉ። አንድ ሰው እንኳ ነገሩ እንግዳ ሆኖ አልታየውም፣ ከሹሙ በቀር።

ሹሙ ሲተረጎምለት መጀመሪያ ሳቀ። ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሰው አብሮት እንዳልሳቀ ሲያይ ደግሞ ተቆጣ፤ እየጮኸ ብዙ ተናገረ። አስተርጓሚው ከብዙው ጥቂቱን መረጠና፣ «መንግሥት ዋስ የለውም ይላል» አለን።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከንፈራቸውን መጠጡ። «ወይ ጉድ» አሉ፣ «ዋስ የሚሆነው እንኳ ዘመድ የለውም? ምስኪን!»

የምር አዝነውለት ነበር እኮ! ካዝናው የጎደለ፣ አገሩ የራቀ፣ ዋስ የሚቆምለት ዘመድ የሌለው መንግሥት። ስንትና ስንት ሰው ያሰረ መንግሥት በዚያች ቅጽበት ከግቢያችን መካከል እንደ ወላጅ አልባ ታየ።

በዚህ መካከል ነው ካቦው ሰውን በክንዱ እየገፋ የገባ። ከአጠገባችን ከሐጂ ሱቅ በር ላይ ሻይ ሲጠጣ ነበር። ሐጂ ጎረቤታችን ናቸው፤ ጨው፣ ስኳርና ላምባ የሚሸጡ፣ የእኔን አፍ የሚችሉ ብቸኛ ነጋዴ። ካቦው ከባሌ ፊት ቆመ። ያን ቀጥ ያለ እግር አየ፣ መኪናዋን አየ፣ ወደ ሹሙ ዞሮ አንዲት ነገር በቋንቋቸው ተናገረ። ከዚያ ደረቱን መትቶ፣

«እኔ ዋስ ነው» አለ።

ባሌ ተነሣ። እጁን ዘረጋ፤ ካቦው መዳፉን መታለት። ባሌ «ሐጂ፣ እርስዎ እማኝ ይሁኑ» አለ፤ ሐጂም «እማኝ ነኝ፣ አላህም እማኝ ነው» አሉ። ቀጥሎ ባሌ የጋቢውን ጫፍ ይዞ አጥብቆ ቋጠረው። በባሌ አገር፣ በወሎ እንዲህ ነው፤ ዋስ የተቀበለ ሰው ነገሩ እስኪያልቅ ድረስ ቋጠሮውን አይፈታም። ካቦው ቋጠሮውን በጣቱ ነካ ነካ አደረገና ፈገግ አለ። ሹሙ ቀልድ መስሎት ትከሻውን ነቀነቀ፤ ወታደሮቹ ጎማውን ፈትተው እያንከባለሉ ሄዱ። አሮጊቷ በጎማዋ ፈንታ ድንጋይ ላይ ቆመች። በሦስት እግር የሚቆም በርጩማ ብቻ ነው።

ሰው እንደ ተበተነ አፌን ከፈትሁ። «ለጅብ ሥጋ አደራ ሰጠህ! ጣሊያን ዋስ! ነገ አገሩ ቢገባ በምን ልትይዘው ነው? በቋጠሮህ?»

«ዋስ ዋስ ነው» አለኝ።

ክረምቱ ገባ። መኪናዋ እንዳትበሰብስ ዳስ ሠራንላት። እርሷን የሚገጥማት ጎማ ጣሊያን እንጂ ማዶ ያሉት ነጋዴዎች የላቸውም፤ ቢኖራቸውም የምንገዛበት አልነበረንም። እኔ ከሐጂ ሱቅ ጨውና በርበሬ ወስጄ እየቸረቸርሁ ቤቱን ያዝሁ። ባሌ ጠዋት ጠዋት ዳሱ ውስጥ ገብቶ ከመሪዋ ኋላ ይቀመጣል። ሞተሯን አስነሥቶ ጥቂት ያስላታል፤ ያጠፋታል። ግድግዳውን አላየም፤ ፈራሁት እንጂ አልሆነም። ዋስ አለው፤ ዋስ ያለው ሰው ደግሞ የሚጠብቀው ነገር አለ።

ካቦው በዚያ በኩል ባለፈ ቁጥር፣ ባሌ እንዴት ነህ አይለውም። «ዋሴ!» ነው የሚለው፤ የጋቢውን ጫፍ ከፍ አድርጎ ያሳየዋል። ካቦው መጀመሪያ ይስቅ ነበር። እየዋለ እያደረ ግን አንገቱ ከበፊቱ ይበልጥ ይቀላ ጀመር። ሹሙ ተለወጠ፤ አዲሱ ስለ ጎማ ምንም አያውቅም። ጎማው ከአንድ የወታደር መኪና ላይ ተገጥሞ ጎንደር ወጥቷል አሉ። ክረምቱ ሲወጣም ያው አዋጅ እንደገና ተነገረ፤ ካዝናው ገና አልሞላምና ቀረጡ ለጊዜው ይቀጥላል ተባለ። ባሌ፣ «ጊዜው አልደረሰም ማለት ነዋ» ብሎ ወደ ዳሱ ገባ። እኔ በንዴት ያበጠርሁትን ሰሊጥ ደፋሁት።

አንድ ጊዜ ካቦው ገንዘብ ይዞ መጣ። ከገዛ ደመወዙ መሆኑ ያስታውቃል፤ ከኪሱ ሲያወጣው እጁ ያፍር ነበር። እኔ እጄን ዘርግቼ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። ባሌ ግን ከለከለ። «ገንዘብ አልሰጠሁህም፤ ጎማ ነው የሰጠሁ» አለው። በሌላ ጊዜ ባሌን ንዳድ ይዞት ሲንቀጠቀጥ ካቦው ኪኒን አመጣለት። ኪኒኑን ዋጠና፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ «ይኸ ለንዳዴ ነው፤ ለጎማዬ አይደለም» አለው። ካቦው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ «አውቃለሁ፣ ዋስ አለሁ» አለ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውየው አሳዘነኝ። እኔም በእጄ ጠላ ቀዳሁለት፤ አንድም የስድብ ቃል አልወጣኝም።

ጋቢውን ወንዝ ወስጄ ሳጥብ ቋጠሮውን አልፈታውም ነበር። ዙሪያውን እያሸሁ እርሱን እዘለዋለሁ። አብረውኝ የሚያጥቡት ሴቶች፣ «እቴ፣ ባልሽ ድግምት ቋጥሮ ነው ወይ?» እያሉ ይስቁብኛል። አጥባለሁ፣ ይጠብቃል፤ አጥባለሁ፣ ይጠብቃል። መጨረሻ ላይ እንደ ፍሬ ደረቀ።

በሚቀጥለው ክረምት ከወንዙ ማዶ ያለው እንግሊዝ ጠላት ሆነ ተባለ። ትናንት ጨው የሚያቀብሉን ሰዎች ዛሬ ጠመንጃ ደገኑ። ጣሊያን ተሻግሮ ገላባትን ያዘ። መንገድ ሥራው ቆመ፤ የካቦው ሠራተኞች ምሽግ ቆፋሪ ሆኑ፣ ካቦውም እኛ ዘንድ መምጣት ተወ። አንድ ጠዋት ባሌ ወደ ዳሱ አልሄደም። ምሳም ደረሰ፤ አልተነሣም። ገብቼ ባይ ፊቱ ወደ ግድግዳ ነው። ያን ጊዜ ደጅ ወጥቼ፣ ማንም እንዳያየኝ ከመኪናዋ ኋላ ሄጄ አለቀስሁ። «ጣውንቴ፣ ምነው ተነሥተሽ በሄድሽ» አልኋት።

ኅዳር ላይ መድፉ መጣ። ሰማዩም ምድሩም ይጮኻል። ሰው ልጁን፣ ፍየሉን እየያዘ ወደ ዱር ነጎደ። እኔ ባሌን አህያ ላይ አስቀመጥሁት፤ ያ እግሩ ወደ ፊት እንደ ሞፈር ተዘርግቶ። ግቢውን ስንወጣ መኪናዋን ዞሮ ያያል ብዬ ጠበቅሁ። አላያትም። እርሷን ካየ መሄድ የሚሳነው መስሎኝ ነበርና፣ አለማየቱ ይበልጥ አስደነገጠኝ። ሽንፋ ወንዝ ዳር ከዛፍ ሥር ከብዙ ሰው ጋር ሰነበትን። ከሩቅ ጭስ እናያለን። ባሌ የጋቢውን ጫፍ በሁለት ጣቱ እያሻሸ ይውላል።

ከገና በኋላ ጣሊያን ለቅቆ ወደ ጭልጋ ሸሸ፤ ሲሸሽም ያልያዘውን ሁሉ አቃጠለ የሚል ወሬ ደረሰን። ተመለስን። መተማ አመድ ነበረች። ዋርካው እንኳ ግማሽ ጎኑ ጠቁሯል። ከቤታችን የተረፈው ምሰሶው ነው። እኔ ፍርስራሹን ሳይ ባሌ አህያው ላይ እንደ ተቀመጠ አንድ ነገር ላይ ዓይኑን ተክሎ ቀረ። ዞሬ አየሁ።

ዳሱ ፈርሷል። እሳት አይደለም፤ ሰው ነው ያፈረሰው። ሳሩ ከመኪናዋ ተገፍፎ ርቆ ተቆልሏል፣ ቁልሉ ብቻ ተቃጥሏል። አሮጊቷ በአመድ መካከል ቆማለች። ድንጋዮቹ ከሥሯ ተነሥተው በረድፍ ተቀምጠዋል። በአራት ጎማዋ ቆማለች።

«አውርጅኝ» አለኝ ባሌ። አወረድሁት። ሄዶ ጎማውን በእጁ ዳሰሰው። የእኛ አልነበረም። የመንገድ ሥራው መኪኖች ጎማቸው መሐሉ ነጭ ቀለም ይቀባ ነበር፤ ይኸም ነጭ ነው።

ሐጂ ሱቃቸውን ትተው አልሸሹም ነበር፤ ከጉድጓድ ውስጥ ተርፈው ጺማቸው አመድ መስሎ መጡ። ተሳስመን ስናበቃ፣ «ኑ፣ አንድ ነገር ላሳያችሁ» አሉን። ወደ መንገድ ሥራው ግቢ ወሰዱን። ሁሉ ነገር ተሰባብሯል። ከበሩ አጠገብ ግን የካቦው የገዛ መኪና ቆማለች፤ ከእኛዋ ጋር አንድ ዓይነት የሆነች፣ ዕድሜዋ ብቻ ያነሰ። ፊት ለፊት በቀኝ በኩል ጎማ የላትም። ድንጋይ ላይ ነው የቆመች።

«የሚሄዱበት ጠዋት መጣ» አሉ ሐጂ። «ወታደሩ ይጮኻል፣ እሳት ይለቀቃል። እርሱ ጎማ እያንከባለለ መጣና እጄን ይዞ ጎትቶ እናንተ ግቢ ወሰደኝ። ሊገድለኝ ነው ብዬ ነበር፣ ዋላሂ! ዳሱን ከላይዋ ገፈፈ። ጎማውን ገጠመ፣ ብሎኑን አጠበቀ። ከዚያ ጣቱን እኔ ላይ ቀስሮ፣ ‹አንተ እማኝ› አለኝ። ሁለት ጊዜ ነው ያለኝ፤ አዎ እስክለው ድረስ አልለቀቀኝም።»

«በምን ሄደ?» አለ ባሌ።

«በእግሩ። መኪኖቹ ሞልተው አልፈዋል። ሻንጣውን ትከሻው ላይ አድርጎ ከኋላቸው በእግሩ ሄደ።»

ባሌ የጋቢውን ጫፍ አውጥቶ ቋጠሮውን ሊፈታ ጀመረ። ቋጠሮው እምቢ አለ። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ እያጠብሁ ያጠበቅሁት፣ በጥፍር የሚፈታ አልሆነም። «አምጣው» አልሁትና በጥርሴ ያዝሁት። እንባዬ እየወረደ፣ የአመድና የሳሙና ጣዕም አፌን እየሞላው፣ ነክሼ ነክሼ ፈታሁት።

ባሌ የተፈታውን ጫፍ ይዞ ወደ ጭልጋ መንገድ ዞረ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ሲጮኽ ሰምቼው አላውቅም።

«ዋሴ! ከፍለሃል! ከዋስነትህ አውርጄሃለሁ!»

«እማኝ ነኝ» አሉ ሐጂ ከኋላ፣ ቀስ ብለው።

በዚያ መንገድ ላይ ጣሊያን ሲሸሽ ፈንጂ ቀብሮበት፣ ከላይ አውሮፕላን ይደበድበው ነበር። ካቦው ይድረስ ይቅር እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ስሙን እንኳ በደንብ ጠርቼው አላውቅም። ባሌ በአሮጊቷ ስንትና ስንት ዘመን ሠራባት፤ ግድግዳውን ዳግመኛ አላየም። ያን ጋቢ እኔ ነኝ እስከ መጨረሻው ያጠብሁት፤ ወንዝ ወስጄ፣ ድንጋይ ላይ ዘርግቼ፣ ድንጋይ ጭኜበት ሁሉ አሰጣሁት። ያች የተቋጠረች ጫፉ ግን እንደ ተኮማተረች ቀረች።